ከፎቶው ፈቀቅ ይበሉ

ወደ ዋንዛ ሚካኤል ደሴት ሴት አትወጣም። ደንቡ የጥንት ነው፤ ሰብለ ወንጌልም ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ እንግዳ በጫነች ቁጥር ከባሕር ዳር ወደብ እስከ ደሴቲቱ ድረስ የምታስረዳው እሷው ናትና። አስጎብኚ ናት። የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል ከላይ እስከ ታች ትተርክላቸዋለች፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ወዴት እንደሚያይ፣ ዲያብሎስ ለምን በአንድ ዓይን ብቻ እንደተሣለ፣ የትኛው ቀለም ከየትኛው ቅጠል እንደወጣ። ከዚህ ሁሉ አንዱንም በዓይኗ አላየችውም። ጀልባዋ ስትጠጋ ወንዶቹ ወርደው ሽቅብ ይወጣሉ፤ እሷ ለሴት እስከዚያ ከተፈቀደው ከውሃው ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸ ነው።

ከላይ ደግሞ፣ ከዛፎቹ መካከል፣ አባቷ አሉ። በዓለም ሳሉ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ይባሉ የነበሩ የቅኔ መምህር ናቸው። ሚስታቸው በሞቱ በዓመቱ ቤቱን ለአንድያ ልጃቸው አስረክበው መነኮሱ፤ ስማቸውም አባ ገብረ ሕይወት ሆነ። ሲመነኩሱ እንደ ሥርዓቱ የሙት ጸሎት ተደርሶላቸዋል። ሲሰናበቷት እጇን ይዘው፣ «ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሙት ነኝ። ሙት አይጠየቅም፤ አትፈልጊኝ» አሏት።

«እሽ አባባ» አለች። ሌላ ምን ትበል? ቤት ገብታ እርሟን ልታወጣ ሞከረች፤ በሕይወት ላለ ሰው ግን እርም አይወጣም። ጎረቤት መጥቶ እንዳያስተዛዝናት የሞተባት የለም፤ እንዳይስቅባት ደግሞ ያለቀሰችው እውነቷን ነው። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆናት፤ ሦስት ክፍል ቤት ውስጥ ከአንዱ ክፍል በስተቀር መብራት አታበራም።

ያም ሆኖ የቅኔ መምህር ልጅ ናትና መላ አላጣችም። «አትፈልጊኝ» አሉ እንጂ «ዓይንሽን ጨፍኚ» አላሉም። እንግዶቿ ከደሴቲቱ ሲወርዱ፣ «ፎቷችሁ እንዴት ወጣ? እስኪ ልይላችሁ» ትላለች። እንግዳ ሁሉ ፎቶውን ማሳየት ይወዳል። እሷም የሥዕሉን፣ የደወሉን፣ የሣር ክዳኑን እያደነቀች ታሳልፍና አንዱ ፎቶ ላይ፣ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ወይም ከአንድ ግንብ ጥግ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው ታገኛቸዋለች። ጢማቸው ሲነጣ ያየችው በአንድ ጀርመናዊ ካሜራ ነው። ትከሻቸው መጉበጡን የተረዳችው ከአዳማ በመጡ አስተማሪዎች ስልክ ነው። «ይህቺን ላኩልኝ» ብላ ግን አታውቅም። ላኩልኝ ማለት መፈለግ ነው፤ ሳይፈልጉ ያዩት ነገር ግን ቃል ማፍረስ አይሆንም። እንዲህ እያለች ነበር ሕሊናዋን የምታባብለው።

ኋላ አገሩ ሰላም አጣና እንግዳ ጠፋ። ጀልባዎቹ ከሐይቁ ዳር በበቀለው ደንገል ውስጥ ታስረው ዝናብ ይጠጡ ጀመር። እሷም ሰፈር ውስጥ ልጆች እያስጠናች ትኖራለች። አልፎ አልፎ ለገዳሙ እህል የሚያደርሰው ጀልባ ነጂው ዳኘው ሲመለስ፣ «መነኮሳቱ እንዴት ናቸው?» ብላ በደፈናው ትጠይቀዋለች። «ደኅና ናቸው» ይላታል። ደኅና ማለት ለታመመም ለደከመም የሚበቃ ቃል ስለሆነ አያጠግባትም። የአባቷን ፊት ካየች ሁለት ዓመት አለፋት፤ አንዳንዴ ልታስታውሰው ስትሞክር ጢማቸው ብቻ ይመጣባት ጀመር፤ ይኸም አስፈራት።

እንግዲህ መልካሙ የሚባለው ሰው ከአዲስ አበባ ደውሎ «ደሴቱን ለማየት እመጣለሁ» ሲላት የተደሰተችው ስለ ገንዘቡ እንዳይመስላችሁ።

መልካሙ በአውሮፕላን መጣ፤ ሠላሳውን አለፍ ያለ፣ ሳቂታ፣ ጫማው ከእሷ ወር ቀለብ የሚበልጥ ሰው ነው። ሥራው ዓለምን እየዞሩ ብዙ ሰው የማያውቃቸውን ቦታዎች ፎቶ እያነሱ ማስተዋወቅ ነው። ጀልባዋ ከወደቡ እንደራቀች ስልኩን ከፍቶ ያሳያት ጀመር። ጃንጥላ የመሰሉትን የሶኮትራ ደሴት ዛፎች አየች። ጣሪያቸው ላይ ሣር የበቀለባቸውን የፋሮ ደሴቶች ቤቶች፣ ኪርጊዝስታን ውስጥ ከተራራ አናት ላይ የተኛ ሐይቅና በዳሩ የተተከሉ ነጫጭ ድንኳኖች አየች። እውነት ለመናገር ያምሩ ነበር፤ የማታውቀው አገር ሁሉ ናፈቃት።

«ሰዎቹስ?» አለች።

«የምን ሰዎች?»

«ድንኳኑን የተከሉት፤ ቤቱን የሠሩት።»

ሳቀ። «አሉ፣ ሞልተዋል! ግን ሰብልዬ፣ ሰው ከገባበት ፎቶው ይበላሻል። ማንም ያልደረሰበት መምሰል አለበት። እስኪያልፉ እጠብቃለሁ፤ ዋናው ሙያዬ ትዕግሥት ነው።»

ሰው ጎጆ ቀልሶ፣ ልጅ ድሮ፣ ሙቱን ቀብሮ የሚኖርበትን አገር ማንም ያልደረሰበት ብሎ መጥራት ድፍረት ነው። ሰብለ ግን ሆድ ይፍጀው አለች። እንግዳ አይነቀፍም፤ በዚያ ላይ ይህ እንግዳ ፎቶ የሚያነሳ እንግዳ ነው።

ደሴቲቱ ደረሱ። መልካሙ ካሜራውን አንግቶ ወጣ፤ ዳኘውም መንገድ ሊያሳየው አብሮት ወጣ። እሷ ድንጋይዋ ላይ ተቀመጠች። የሚያወጣቸው አቀበት ከጥቂት እርምጃ በኋላ ይታጠፋል፤ ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን አታውቀውም። ከስተው ይሆን? ቤት ሳሉ የጀመራቸው ያ ሳል ተሻላቸው ይሆን? ሙት ነኝ ያለን ሰው ስለ ሳሉ መጨነቅ ሞኝነት እንደሆነ ታውቃለች፤ ታውቃለችና ምን ይሁን? ነጠላዋን አጣፋችው፤ ፈታችው፤ ደግሞ አጣፋችው። ቆዩባት።

በመጨረሻ መልካሙ ከላይ እየዘለለ ወረደ፤ ዳኘውም ከኋላው።

«ተአምር ነው! ሰብልዬ፣ ተአምር ነው!»

«ፎቶዎ እንዴት ወጣ? እስኪ ልይልዎት» አለች፤ ድምፅዋ እንዳይሰበር እየተጠነቀቀች።

ካሜራውን ሰጣት። በሩን አየች፤ ሥዕሉን፣ ከዛፍ የተንጠለጠለውን የድንጋይ ደወል፣ የተጠረገውን ግቢ አየች። ደጀ ሰላሙ ባዶ ነው። የግንቡ ጥግ ባዶ ነው። እስከ መጨረሻው ሄደች፤ ወደ ኋላ ተመልሳ እንደገና አየች።

«ሰው የለም» አለች።

«አየሽ? ንጹሕ!» አለ መልካሙ በኩራት። «ግን ስንት እንደለፋሁ ብታውቂ! አንድ ሽማግሌ መነኩሴ አላስነሳ አሉኝ። ደጀ ሰላሙን ላነሳ ስል መጥተው ፊቴ ቆሙ። 'አባቴ፣ ይቅርታ፣ ከፎቶው ፈቀቅ ይበሉ' አልኳቸው፤ እሺ ብለው ጭራሽ ወደ መሀል ገቡ። ወደ ቤተ መቅደሱ ብሄድ በመቋሚያቸው እየዳሰሱ ተከተሉኝ። ቆባቸውን አስተካክለው፣ ጢማቸውን በእጃቸው አበጥረው፣ እንደ ሙሽራ ቀጥ! ምን ላድርግ? ቁጭ ብዬ ጠበቅኳቸው። እሳቸው ቆመው፣ እኔ ተቀምጬ። መጨረሻ ላይ ደከማቸው መሰለኝ ትተውኝ ሄዱ።»

«ደከማቸው?» አለች ሰብለ።

ወደ ዳኘው ዞረች። ዳኘው ያልላላ ገመድ ያጠብቃል።

«ጋሽ ዳኘው፣ እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«ምን ላድርግ ልጄ» አለ ሳያያት። «ድሮ፣ እንግዳ በነበረበት ጊዜ፣ 'ልጅዎ እኮ የእንግዳውን ፎቶ ሁሉ ታያለች' አልኋቸው። ለጨዋታ ያህል ነው። ከዚያ ወዲህ እንግዳ መጣ ሲባል ከሰው ቀድመው ይወጣሉ። 'አልጠራኋትም፣ አልተጠራሁም፤ መቆም ደግሞ ኃጢአት አይደለም' ይላሉ።»

ሰብለ ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት። ይህን ሁሉ ዘመን የሰረቀች መስሏት ነበር፤ ለካስ የሚሰጧት እሳቸው ናቸው! አባትና ልጅ አንዱን ቀዳዳ ከወዲያና ከወዲህ አግኝተው ሳይነጋገሩ ሲተያዩ ኖረዋል። ኧረ የት መተያየት! ያየችው እሷ ብቻ ናት። እሳቸው ለእንግዳ ሁሉ ሲቆሙ የእሷን ፊት ያሳያቸው ማን ነበር? ማንም አልነበረም። አንድ ቀን እንኳ አላሰበችውም።

«አባትሽ ናቸው እንዴ?» አለ መልካሙ፤ ሳቁ ጠፍቷል። «ለምን አልነገርሽኝም? አሁን ተመልሼ ላንሳቸው።»

ነገሩ ቀላል ነበር፤ አዎ ብትል ይበቃ ነበር። ግን ራሷን ነቀነቀች።

«እኔን አንሳኝ» አለች። አንቱታው ሳታስበው ከአፏ ቀረ። «አንሳኝና ወስደህ አሳያቸው።»

ዳኘው ገመዱን ለቀቀ። «ሰብሌ፣ ተይ...»

«አልተውም፣ ጋሽ ዳኘው። አትፈልጊኝ ብለውኝ ነበር፤ ይኸው ፈለግኋቸው። ኃጢአቱ የኔ ይሁን።»

ዳኘው ገመዱን መልሶ አነሳ።

መልካሙ ካሜራውን ትቶ ስልኩን አወጣ። ሰው ማንሳት አልለመደምና የት ላይ እንደሚያደርጋት ግራ ገባው፤ ቀረበ፣ ራቀ፣ ፀሐዩን አማረረ። እሷ ነጠላዋን ከግንባሯ ገፋ አድርጋ ስልኩን ትክ ብላ አየችው። አነሳት። ከዚያ ብቻውን አቀበቱን ወጣ፤ በዚህኛው ጉዞ አልዘለለም።

ቀኑ ተጋምሶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሣል፤ ማዕበሉ ለትንሽ ጀልባ አይመችም። ዳኘው ሰማዩን እያየ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ሰብለ ግን ምንም አልሰማችም፤ አባቷ ስልኩን ሲቀበሉ፣ ወደ ዓይናቸው ሲያስጠጉት፣ ሲስቁ ይታያት ነበር። በጣም ነበር የምትፈልገው ያን ሳቅ።

መልካሙ ቀስ ብሎ ወረደ። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞታል።

«አዩት?» አለችው።

«አያዩም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ዓይናቸው አያይም፣ ሰብለ። ስልኩን ስሰጣቸው በጣታቸው ዳሰሱት።»

ዳኘው ወደ ውሃው ዞረ። «አስምለውኛል» አለ። «እንዳልነግርሽ አስምለውኛል። ሁለት ክረምት አለፋቸው።»

ሰብለ ድንጋዩን በሁለት እጇ ያዘችው። እንግዲህ ዛሬ ቆባቸውን ያስተካከሉት፣ ጢማቸውን ያበጠሩት፣ የማያዩት ሰው ፊት ነው። በድምፁ ብቻ እየተመሩ።

«ከዚያስ?» አለች።

«'አንተ ታያለህ አይደል? ንገረኝ' አሉኝ። 'ምን ልንገርዎት?' ስላቸው፣ 'ከግንባሯ ጀምር' አሉኝ።» መልካሙ አቀርቅሮ ስልኩን አየ፤ ፎቶው አሁንም ተከፍቷል። «ነገርኳቸው። ሰው እንዲህ አይቼ አላውቅም። ሽበት እንደጀመረሽ፣ ቅንድብሽ መሀል መስመር እንዳለ፣ ሁሉን ነገርኳቸው። 'ከስታለች?' አሉኝ። አዎ አልኳቸው፤ መዋሸት አቃተኝ። 'ጥርሷ ይታያል?' አሉኝ። አልሳቀችም አልኳቸው።»

«እሽ።»

«ከዚያ፣ 'ከጎኗ ማን አለ?' አሉኝ።»

ሰብለ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ መለሰች።

«'ማንም የለም' አልኳቸው። 'ደኅና አድርገህ እይ እንጂ፤ ልጅ አይኖርም? ባል አይኖርም? ከኋላዋ የቆመ እንኳ የለም?' አሉኝ። ደግሜ አየሁ፣ ሰብለ። አንቺና ውሃው ብቻ ነበራችሁ። 'ብቻዋን ናት አባቴ' አልኳቸው።»

«ምን አሉ?»

መልካሙ ስልኩን ዘጋው።

«'ቤቱን ስለቅላት በሰው የምትሞላው መስሎኝ ነበር' አሉኝ። ከዚያ ተቀመጡ፤ ሌላ አልተናገሩኝም።»

ነፋሱ እየበረታ ነበር። ዳኘው ሞተሩን ሊያስነሳ እጁን ዘረጋ። ሰብለ አቀበቱ ወደሚታጠፍበት እያየች፣ «ትንሽ ይቆዩ፣ ጋሽ ዳኘው» አለችው። ቆየላት።