የገደቢስ ቀን ቅናሽ

ኪሚዮ አንድም ዕቃ በተጠራበት ዋጋ ገዝታ አታውቅም። ኦሳካ ውስጥ ይሄ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ጎረቤት ከንፈር የሚመጥለት የተጠየቀውን ከፍሎ ለወጣ ሰው ነው። ቀሚሷን "እንዴት ያምራል!" ሲሏት እንደ ሌላው አገር ሴት አትሽኮረመምም፣ "በስንት የገዛሁት ይመስልሻል?" ትላለች። ጎረቤቷም ወጉን ስለምታውቅ ሆን ብላ ከፍ አድርጋ ትገምትላታለች። ኪሚዮ እውነተኛውን ዋጋ ስትነግራት ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ።

ባሏ ኖቦሩ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ደመወዙን ያስረክባታል፣ እሷ ደግሞ የወር የኪስ ገንዘቡን ትሰጠዋለች። ከዚያ ወዲያ ያለው የእሷ ጉዳይ ነው። ማታ ቤተሰቡ ተራ በተራ የተዘፈዘፈበትን የገንዳ ውሃ ጠዋት ልብስ ታጥብበታለች። ዓሣ የምትገዛው ሱቁ ሊዘጋ ሲል፣ ሠራተኛው የግማሽ ዋጋ ወረቀት መለጠፍ ሲጀምር ነው። ገብጋባ የሚላት ካለ ቤቷ ገብቶ አያውቅም ማለት ነው፤ ከእሷ ማዕድ ሳይጠግብ የተነሳ እንግዳ የለም። ብቻ በየወሩ የሆነ ነገር ይተርፋታል። በዚያ ትራፊ ነው የቤታቸው ዕዳ ተከፍሎ ያለቀው፤ ልጃቸው ቺአኪም ቶኪዮ ሄዳ ዩኒቨርሲቲ የተማረችው በዚያው ነው።

ቺአኪ ልታገባ ነው። እጮኛዋ ሪዮሄይ የቶኪዮ ልጅ ነው። የዛሬው ቅዳሜ ደግሞ ወላጆቹ ኦሳካ ድረስ መጥተው፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ምሳ በልተው፣ በወንዙ ዳር ባለው ሆቴል ሠርጉን የሚወስኑበት ቀን ነው። ቺአኪ ጠዋት እናቷን ኩሽና ውስጥ ያዘቻት።

"እማዬ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ።"

"ምን?"

"ዛሬ ዋጋ እንዳትከራከሪ። ልብስሽን ቢያደንቁልሽም በስንት እንደገዛሽው እንዳትናገሪ። እነሱ ቤት ስለ ገንዘብ አይወራም።"

"ታዲያ ስለ ምን ነው የሚወራው?"

"ስለ አየሩ።"

ኖቦሩ ከረባቱን እያሰረ፣ "ጥሩ ነው፤ አየሩ በነጻ ስለሆነ እናትሽ የምትከራከርበት የላትም" አለ።

ኪሚዮ አልሳቀችም። ታፍሪብኛለሽ እንዴ ልትላት አፏ ላይ ደርሶ መለሰችው። ያን ሁሉ ዓመት የቆጠበችው ለማን ሆነና ነው? ለዚህችው ለቆመችው ልጅ አይደለም እንዴ? ሆድ ባሳት። ቢሆንም የልጇ ቀን ነው። "ሞቼ ነው የምናገረው" ብላ ማለችላት።

ምሳው ላይ ቃሏን ጠበቀች። የሪዮሄይ እናት ወይዘሮ ካሺዋጊ አነጋገራቸው የለዘበ፣ ሲቀመጡ እንኳ ወንበሩ ድምፅ የማያሰማባቸው ሴት ናቸው። ሾርባው እንደቀረበ ወደ ኪሚዮ ዘንበል አሉና፣ "ሻርፕዎ እንዴት ያምራል" አሏት።

ሻርፑ ሌሎች ሦስት ሻርፖች አስመርቃበት፣ ሻጩን እስኪያለቅስ ድረስ ተከራክራ የገዛችው ነው። አፏን በላት። የልጇን ዓይን አየችና፣ "አመሰግናለሁ። አየሩም ደህና ነው" አለች። ኖቦሩ ሾርባው ትን አለው።

ከምሳ በኋላ ወደ ሆቴሉ የሠርግ ክፍል ወረዱ። ኩኒኤዳ የምትባል ትሁት አስተናጋጅ ሦስቱን የድግስ ዓይነቶች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የሪዮሄይ አባት መነጽራቸውን አድርገው በጣም ውዱ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

"ይሄ ይሻላል። ቅዳሜ፣ ያውም ቀን መቁጠሪያው መልካም ያለው ቀን። ሰው የሚያገባው አንድ ጊዜ ነው።"

ወጪውን ግን የሚችሉት ሙሽሮቹ ናቸው፤ ራሳቸው ናቸው እንደዚያ እንዲሆን የፈለጉት። ሁለቱ ልጆች ካገኙት ላይ በየወሩ እየቀነሱ ለቤት መግዣ ሲያጠራቅሙ መቆየታቸውን ኪሚዮ ታውቃለች። ያ ዋጋ የቤቱን ገንዘብ በአንድ ከሰዓት ሙልጭ አድርጎ የሚበላ ነው። ሪዮሄይ ጫማውን ያያል፤ አባቱን እምቢ ብሎ አያውቅም። የቺአኪ ፊት ነጥቷል።

ኖቦሩ ሚስቱን በክርኑ ነካ አደረጋት። "በይ እንጂ" አለ በሹክሹክታ።

"ምያለሁ" አለችው፤ የእጅ ቦርሳዋን እንደ ጠላት አንገት ጨምድዳ ይዛለች። እንዲህ ያለ ዋጋ ፊቷ ተዘርግቶ ዝም ብላ የተቀመጠችበት ጊዜ ትዝ አይላትም። ልጇ ቤት አልባ ልትሆን ነው፣ እሷ ደግሞ ስለ አየሩ ታስባለች።

የዚያን ጊዜ ቺአኪ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ይቅርታ፣ ቅዳሜ ስለሆነ ነው አይደል የተወደደው?" አለች። የጀመረችው በቶኪዮ ጨዋ አነጋገር ነበር።

"አዎ፣ እመቤቴ" አለች ኩኒኤዳ፤ "መልካም ቀንም ስለሆነ ነው።"

"ገደቢስ ቀን ብናደርገውስ? ስንት ትቀንሱልናላችሁ?"

ይሄኛው የጠራ የኦሳካ አነጋገር ነው። ኪሚዮ ጆሮዋን አላመነችም። ኩኒኤዳ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ቀን መቁጠሪያው ገደቢስ ባላቸው ቀናት ማንም ስለማይሞሸር አዳራሾች ባዷቸውን ይውላሉ፤ ይሄን የማያውቅ የለም። አውቆ በአማቶቹ ፊት አፍ አውጥቶ የሚጠይቅ ግን አይገኝም።

ወይዘሮ ካሺዋጊ ደረታቸውን ያዙ። "ልጄ፣ በገደቢስ ቀን ትዳር ይመሠረታል እንዴ?"

"የእናቴና የአባቴ ሠርግ በገደቢስ ቀን ነበር" አለች ቺአኪ። "አዳራሹን በግማሽ ዋጋ ነው ያገኙት፤ በተረፋቸው ማቀዝቀዣ ገዙበት። ሠላሳ ዓመት አለፋቸው፣ ይኸው ይዩዋቸው። አባቴ ዛሬም እሷ የቋጠረችለትን ምሳ ዕቃ ሲከፍት ደስ ብሎት ብቻውን ይስቃል አሉ። እኔ የተማርኩት ይቺ ሴት በየወሩ ባተረፈችው ነው። ጠዋት ዋጋ እንዳትከራከሪ ብያት ነበር፤ አሁን ያፈርኩት በእሷ አይደለም፣ እንደዚያ በማለቴ ነው። ቤት ከገዛሁ የምገዛው እንደ እሷ ሆኜ ነው።"

ኪሚዮ የሠርጓን ቀን ገደቢስነት ለልጇ ነግራት አታውቅም፤ ያስፈራት ይሆናል ብላ ነበር የደበቀችው። ወደ ኖቦሩ ዞረች። ኖቦሩ ጣራውን ያያል። ለካ እሱ ነው ያወራው። ልትቆጣው ፈለገች፣ ግን ዓይኗ እንባ ሞልቶ አላስቻላትም።

ወይዘሮ ካሺዋጊ ወንበራቸውን አንዴ ሲጢጥ አድርገው ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። "ግማሽ?" አሉ ቀስ ብለው። "ሙሉ ግማሽ ነው የቀነሱላችሁ?"

"ሙሉ ግማሽ" አለ ኖቦሩ፤ ደረቱን ነፍቷል።

ሪዮሄይ ቀና አለ። "አባባ፣ እኔም በገደቢስ ቀን ይሁን እላለሁ" አለ። አባትየው መነጽራቸውን አውልቀው ልጃቸውን ትንሽ አዩት፣ ሚስታቸውንም አዩ፣ ከዚያ ወረቀቱን ወደ ልጆቹ ገፋ አደረጉት።

ኩኒኤዳ ስልክ ደውላ ከአለቃዋ ተነጋገረች። "ሲሦውን መቀነስ እንችላለን" አለች። ቺአኪ ተከራከረች፤ ትንሽ አስቀነሰች፣ ከዚያ ቃል አለቀባት። ወደ እናቷ ዞረች።

"እማዬ፣ የእኔ ጉልበት እስከዚህ ነው። አንቺ ጨርሽው።"

"መሐላዬስ?"

"በእኔ ይሁን።"

ኪሚዮ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠችና እጅጌዋን ሰብሰብ አደረገች። አንጀቷ ቅቤ ጠጥቷል፤ እንደዚያን ቀን አንገቷን ቀና ያደረገችበት ጊዜ የለም።

"ኩኒኤዳ፣ የኔ ቆንጆ" አለች፤ "ምሳ በልተሻል? አልበላሽም። እንግዲያው ቶሎ እንጨርስልሽ። ያ አዳራሽ ባዶውን ከሚውል የእኔ ልጅ ብትዳርበት አይሻልም? በይ፣ መጀመሪያ የአበባውን ዋጋ አሳዪኝ።"