የሱማርኒ እናት አርባ

ሱማርኒ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት። የመጣችው ከኢንዶኔዥያ፣ ጃቫ ከሚባል ደሴት ነው። ሳንታ ሞኒካ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች፤ እኔ እዚሁ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የሐበሻ ሬስቶራንት ኪችን ነኝ። የሁለታችንም እንግሊዝኛ የተሰባበረ ነው። ደህና የምንግባባው ለዚህ ይመስለኛል፣ አንዷ ሌላዋን አታርምም።

ጉልበቴን ኦፕሬሽን የሆንኩ ጊዜ፣ ማንም ሳይነግራት ልብሴን ታች ላውንድሪ አጥባ፣ አጣጥፋ አመጣችልኝ። "ተይ፣ እኔ ሰው አላስቸግርም" ብዬ በሩን ዘጋሁባት። እሷ እቴ! ልብሱን ታቅፋ በሩ ሥር ቁጭ አለች። እኔ እልኸኛ ነኝ፤ እሷ ባሰች። ከፈትኩላት።

"በእኛ መንደር ዘመድ ሩቅ ነው፣ ጎረቤት ነው የሚቀድመው" አለችኝ።

ጉልበቴ እስኪጠና ማታ ማታ ስለ መንደሯ ታወራልኝ ነበር። ካራንግሳሪ ይባላል፣ እሳት የሚተፋ ተራራ ሥር ነው። ማሳው ሁሉ ሩዝ ነው፤ ከላይ እስከ ታች እንደ ደረጃ ተቆርጦ ውሃ ተኝቶበታል። ውሃው የጋራ ስለሆነ በተራ ይለቀቃል። የሰው ተራ የሰረቀ ሠርግ ላይ እንኳ ፊት አይሰጡትም። ችግኝ ሲተከል ሴቶቹ ጭቃው ውስጥ ጎንበስ ብለው ወደ ኋላ እየሄዱ ይተክላሉ፣ ዛሬ የአንቺ ማሳ፣ ነገ የእኔ።

"ይኼማ ወንፈል ነው!" አልኳት።

ደግሞ ሁሉም ቤት በሩ ላይ ትንሽ ጣሳ ይሰቅላል፣ ውስጡ ቆንጠር የተደረገ ሩዝ። የሰፈር ዘበኞች እየዞሩ ይሰበስቡታል፤ ለታመመና ሰው ለሞተበት ይሆናል። ይኼ ደግሞ ዕድር ነው። ሰው ሲሞት የተቦረቦረ ቀርከሃ ይመታል፣ ያንን ሰምቶ ቤቱ የሚቀር የለም። ድሆች ናቸው። ወጣቱ እንደ እሷ ባሕር እየተሻገረ አልቋል። ግቢውን ግን ጠዋት ጠዋት ሳይጠርጉት አይውሉም፣ የረገፈ ቅጠል ያደረበት ግቢ የሰነፍ ነው ይላሉ። እኔ የገጠር ልጅ ነኝ፤ ስትነግረኝ የማውቀው አገር ይመስለኝ ነበር።

በዚህ ዓመት እናቷ ሞተችባት። ወረቀቷ ስላላለቀ፣ ከወጣች መመለስ የለም። ያለቀሰችው እዚሁ ነው፣ እኔ ትከሻ ላይ።

አርባዋ ሲቃረብ ጭንቅ ያዛት። እነሱም አርባ ያወጣሉ! ያወጣጡ ግን ለየት ይላል። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ጸሎት ይደረጋል፣ ምግቡ ቀመስ ይደረግና የቀረውን እያንዳንዱ ድርሻውን ይዞ ቤቱ ይገባል። ለሟች የሚቆጠረው ያ የተወሰደው ነው። ሳይወሰድ ከቀረ ጎረቤት ሟቿን አልመረቃትም ማለት ነው።

"እናቴ የመንደሩን ሰው ሁሉ አርባ ስታበስል ኖረች። የእሷን ማን ይወስድላታል?" አለችኝ። የአገሯ ሰዎች ሩቅ ናቸው፣ ደግሞ ወጉ የጎረቤት ነው።

"እኛ አለን አይደል እንዴ!" አልኳት።

ሶ፣ ሰው መጥራት ጀመርኩ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጋሼ ጉግሳ ዕድሜያቸውን ኤርፖርት ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ደረጃው ላይ ያዝኳቸው።

"ዓይናለም፣ ቀኑ ዓርብ ነው። ሥጋው ደግሞ የእስላም ነው። በእርጅናዬ ከንስሐ አባቴ ልታጣዪኝ ነው?"

"ሥጋ የለውም ጋሼ። ጠይቄያታለሁ።"

"አንቺ ደሞ መቼ ትጠይቂያለሽ፣ ታዢያለሽ እንጂ።"

"እሺ፣ አዝዣታለሁ። ይመጣሉ አይመጡም?"

"ለሙት ማን ይቀራል? እመጣለሁ።"

እውነቱን ለመናገር፣ ዶሮዋን መተው ከብዷት ነበር። ወጋቸው ሙሉ ዶሮ ነው። እኔም በእኛ አገር ድግስ ላይ ለሙስሊሙ ለብቻ እንደሚሠራ፣ ማንም እንደማይቀየም ነገርኳት። ወንድሟ ጋ ደወለች። "አይጥ ሩዙን በጨረሰብን ዓመት በቴምፔ ብቻ አውጥተን የለም እንዴ? ዋናው ሰው ይምጣ" አላት። ቴምፔ የሚሉት ከአኩሪ አተር ተሠርቶ የሚጠበስ ነገር ነው፤ ጾመኛ ቢያገኘው የሚያመሰግንበት።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ሕንፃው ውስጥ ያለ ሐበሻ ሁሉ መጣ። ሆስፒታል የምትሠራው ሰርክ ከሺፍት በቀጥታ፣ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር። ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። ወንድሟ በስልክ በቪዲዮ ገባ፤ እዚያ ጠዋት ነው። ማሳው ላይ ጭጋግ ተኝቷል፣ ዶሮዎች ይጮኻሉ፣ ግቢው እንዳለችው ተጠርጓል። አንድ ሽማግሌ ጸሎት አደረጉ። እነሱ "አሚን" ሲሉ እኛ "አሜን" አልን። ወንድሟ "የውሃ ተራዬ ደርሷል፣ ማሳው ላይ ለቅቄ እደውላለሁ። አክስቶቻችን ምግቡ መወሰዱን ሊሰሙ ይጠብቃሉ" ብሎ ዘጋ።

በላን። ነጭ ሩዝ፣ ቴምፔ፣ በኮኮናት የታሸ ፎሶሊያ። እኔ ሳህን ላጥብ ኪችን ገባሁ፣ የሳሎኑ ምስጋናና ስንብት ይሰማኛል። ስወጣ ሰው የለም። ሱማርኒ መሬት ላይ ተቀምጣለች። የየሰዉን ድርሻ የቋጠረችባቸው የፎይል ዕቃዎች እንዳሉ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል።

"አልወሰዱም" አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። "በሁለት እጄ ይዤ ሰጠኋቸው። ሁሉም እምቢ አሉ። እናቴን አልመረቋትም።"

"ስንት ጊዜ እንኩ አልሻቸው?"

"አንዴ ነዋ። እምቢ ያለን ሰው እንዴት አስጨንቃለሁ?"

ሳቄ አመለጠኝ። ስልኳ መጥራት ጀመረ። አየችውና በፊቱ ደፋችው። ያኔ ሳቄ ጠፋ።

በዚያ ጉልበቴ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ፣ እየሄድኩም በሩን ሁሉ መታሁ። ጋሼ ጉግሳ በነጠላ ጫማ ከፈቱ።

"ጋሼ! ምግቡን ለምን ጥለው መጡ?"

"አንዴ ብቻ እኮ ነው ያለችኝ! እኔ ለወጉ 'ኧረ በቃን፣ ለራስሽ ይሁን' ብዬ፣ ሁለተኛውን እንኩ እየጠበቅሁ ቆምኩ። መልሳ ወሰደችው! ተከትዬ እጄን ልዘርጋ እንዴ፣ እንደ ለማኝ?"

"አዎ፣ ይዘርጉ! እምቢ ያሏት መስሏታል። ካልተወሰደ የእናቷ አርባ አልወጣም።"

"በስመ አብ" ብለው እንደቆሙ ወረዱ።

ሰርክም ከክፍሏ ብቅ አለች። "ኦ ማይ ጋድ፣ እኔ እኮ በጣም አምሮኝ ነበር! በሞቴ ምናምን ትላለች ብዬ ስጠብቅ!"

"እሷ የአንቺ አክስት ናት እንዴ? ውረጂ!"

የሱማርኒ በር ተከፈተ። ጋሼ ጉግሳ፣ ያ ኩሩ ሰው፣ በሕንፃው ሁሉ ፊት ጎንበስ ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

"ልጄ፣ ድርሻዬን ስጪኝ" አሉ፣ በአማርኛ።

ሱማርኒ አንድ ቃል አልገባትም። እጆቻቸውን ግን አየች። ምግቡን ስታቀብላቸው እንባዋ ክዳኑ ላይ ተንጠባጠበ። ከኋላቸው ሰርክ፣ ከሰርክ ኋላ ሌላው፣ ሁሉም እጁን እየዘረጋ ተቀበለ። የመጨረሻውን እኔ ወሰድኩ።

ስልኩ እንደገና ሲጠራ ነጥቃ አነሳችው፣ ባዶውን ጠረጴዛ አሳየቻቸው። እዚያ ማዶ አክስቶቿ ባንዴ ማውራት ጀመሩ። የወሰዱትን ሰዎች ካላየን አሉ መሰለኝ፣ ስልኩን ይዛ ኮሪደሩ ድረስ ወጣች። ጋሼ ጉግሳ ቤታቸው መድረስ አቅቷቸው ደረጃው ላይ ተቀምጠው ይበላሉ።

"ዓይናለም፣ ነፍስ ይማር በይልኝ" አሉ፣ አፋቸው ሙሉ ነው።

"ራስዎ ይንገሯቸዋ፣ እያዩዎት ነው።"

ደንግጠው ዋጡና ተነሱ፤ ዕቃውን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው "ነፍስ ይማር!" አሉ። አክስቶቿ "አሚን" አሉ። እኔም "አሜን" አልኩ፣ ተመስገን።