ለልጆቻችሁ ሰላማዊ እንቅልፍ

ኺታም ሉጀይን እንደማትተኛ በምን አወቀች?

ሰብሐ የሠርግ ጥሪው በደረሳት ቀን ራሷን የጠየቀችው ይህን ነው። ካርዱን ከዋና ከተማው ከአማን ያመጣው የአውቶቡሱ ሹፌር ነበር፤ የጎልማሶች ትምህርት በሚሰጥበት ክፍል በር ላይ ሰጥቷት ሄደ። እሷም የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች፣ ማንም ሳያግዛት ከላይ እስከ ታች አነበበችው። በሠላሳ አራት ዓመት ዕድሜዋ ብቻዋን አንብባ የጨረሰችው የመጀመሪያ ነገር ነው። የሙሽሪት የኺታም ስም፣ የሙሽራው ስም፣ የአዳራሹ ስም፣ ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት። ከሁሉም በታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ «ለልጆቻችሁ ሰላማዊ እንቅልፍ እንመኛለን» ይላል።

ሦስት ጊዜ ደገመችው። አልተሳሳተችም።

ሉጀይን ሰባት ዓመቷ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት አባቷ አቃባ ወደብ ሥራ አግኝቶ ከሄደ ወዲህ፣ የእናቷን እጅጌ ካልጨበጠች ዓይኗን አትከድንም። እጅጌው ከእጇ ካመለጠ ብድግ ብላ ትቀመጣለች። ሰብሐ ይህን ለማንም ተንፍሳ አታውቅም። መንደሩን ታውቀዋለቻ! አንዷ «የሰው ዓይን በልቷት ነው» ትላለች፤ ሌላዋ «አባቷ እዚያ ሌላ አግብቶ ይሆናል፣ ልጅ ያውቃል» ትላለች። ኺታምስ ቢሆን? በትምህርት ክፍሉ አብራት ሁለት ዓመት በአንድ ወንበር ተቀምጣለች፤ ከሦስት ወር በፊት፣ በአርባ አንድ ዓመቷ፣ ሚስቱ የሞተችበት ግድግዳ ለሳኝ ሲያጫት አማን አክስቷ ቤት ገባች። ለእሷም ቢሆን ሰብሐ ምንም አልነገረቻትም።

«እና በምን አወቀች? አውቃስ እንዴት ካርድ ላይ አሳትማ ትጸልይልኛለች?» እያለች ሳምንቱን ሙሉ ከራሷ ጋር ተሟገተች። የክፍሉ ሴቶች ሁሉ ወይራ ለቀማ ላይ ስለነበሩ የሚሄድ ጠፋ። እንዲህ የተጸለየላት ሰው ግን እንዴት ትቀራለች?

«ብቻሽን?» አሏት አማቷ እማማ ነውፋ።

«ብቻዬን።»

«መንገዱን ታውቂዋለሽ?»

«ማንበብ እችላለሁ እኮ፣ እማማ።»

«አህያዬም ሳታነብ ወፍጮ ቤት ደርሳ ትመለሳለች። ይልቅ ሌሊት ለሌሊት እንዳትንከራተቺ፤ እዚያው እደሪና ቅዳሜ ትመጫለሽ። ልጅቷን እኔ አለሁላት።»

«ካለቀሰችስ?»

«በልቅሶ የሞተ ልጅ አላየሁም።»

ሐሙስ ማታ ሰብሐ ከደብተሯ አንድ ቅጠል ገነጠለች። ያቺን የካርዱን ዓረፍተ ነገር፣ «ለልጆቻችሁ» የሚለውን «ለልጄ» ብላ፣ በራሷ እጅ ገለበጠቻትና ለሉጀይን ሰጠቻት። ሉጀይን ሁለተኛ ክፍል ናት። ወረቀቱን አየችና ትራሷ ሥር ከተተችው። ሰብሐ ደግሞ ሌሊቱን በግራ እጅጌዋ እንደታሰረች አሳለፈችው።

ዓርብ ጠዋት የመስኮት ጥግ አግኝታ ተቀመጠች። ከዚህ በፊት አማን አራት ጊዜ ሄዳለች፤ አንድም ቀን እንዲህ አልሄደችም። ያየችውን ሁሉ አነበበች። «ጎማ ይጠገናል።» «የተጠበሰ ዶሮ።» አንድ አጥር ላይ «እዚህ ቆሻሻ የሚጥል ልጅ አይውጣለት» የሚል ስታገኝ ሳቋ አመለጣት፤ ጎኗ የተቀመጡት ባልቴት ዘወር ብለው አዩዋት።

«ምን አየሽ፣ የኔ ልጅ?»

«ግድግዳው ተራገመ፣ እናቴ።»

ይህ ሁሉ ግድግዳ ለካ ሲናገር ነው የኖረው። የምታስቸግራት ሐምዛ ብቻ ናት፤ ያቺ እንደ ጥፍር የተቆለመመች ትንሽ የዓረብኛ ምልክት። መምህርቷ «ሐምዛ ወንበር የሌላት እንግዳ ናት» ትላቸው ነበር፤ «አንዴ አንዱ ፊደል ላይ ትቀመጣለች፣ አንዴ ሌላው ላይ፤ አንዳንዴም ብቻዋን ትቆማለች።» ሰብሐ ስትጽፍ ሁልጊዜ ትረሳታለች።

መናኸሪያው ስትወርድ የመመለሻውን ሰሌዳ አነበበች፦ ወደ ከረክ፣ የመጨረሻው አውቶቡስ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት። የምታድር ብትሆንም ሰዓቱን ልቧ ውስጥ አስቀመጠችው።

አዳራሹ በር ላይ ጭቅጭቅ ነበር። የሙሽራው እህት ኢንሻራሕ፣ ወርቃማ ቀሚስ ለብሳ፣ በሩን በሁለት እጇ ይዛለች። ከፊቷ ፈርያል የምትባል ከማደባ የመጣች ዘመድ አራት ዓመት የሚሆናትን ሴት ልጇን አዝላ ቆማለች።

«ካርዱን አላነበብሽም?» ትላለች ኢንሻራሕ።

«ወንድሜ ነው በስልክ ያነበበልኝ። ምን ይላል?»

«ልጅ ይዘሽ አትምጪ ይላል፣ የኔ እመቤት!»

ሰብሐ ሳታስበው እጇ ቦርሳዋ ውስጥ ገባ። «እንዲህ አይልም እኮ» አለችና ካርዱን አውጥታ፣ ጣቷን ከሥሩ አድርጋ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። «ለ-ልጆቻችሁ… ሰላማዊ… እንቅልፍ… እንመኛለን። አትምጡ የሚል ቃል የታለ?»

ኢንሻራሕ ሳቀች። «አንቺ ከየት ነው የመጣሽው? እንዲህ ተብሎ ሲጻፍ "ልጆቻችሁን ቤት አስተኝታችሁ ኑ" ማለት ነው። ይሄን የማያውቅ ሰው አለ? አገር ያወቀው እኮ ነው!»

ሰብሐ ካርዱን እንደገና አየችው። ጸሎት አይደለም። የተዘጋ በር ነው፤ በትሕትና የተዘጋ በር። እሷ ደግሞ በዚህ ቃል ተማምና ልጇን ጥላ መጣች። ሊመሽ ነው፤ ሉጀይን አሁን እጅጌ መፈለግ ትጀምራለች። ሙሽሪቷን ስማ በአንድ ሰዓቱ አውቶቡስ ልትመለስ ወሰነች። ያቺን ጥያቄ ይዛ መሄድ ግን አልሆነላትም።

ኺታም ከፍ ባለው መቀመጫ ላይ፣ ነጭ ለብሳ፣ ላብ ላብ ብሏት ተቀምጣለች። ሰብሐን ስታይ ቀሚሷን ሰብስባ ተነሣች።

«መጣሽ! ብቻሽን! ወይ ጉድ፣ ሐምዛን ሆነሽ መጣሽ!»

«ኺታም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽና እሄዳለሁ። ከካርዱ ሥር ያለው ጽሑፍ ልጅ አታምጡ ማለት ነው?»

«የቱ?»

«የእንቅልፉ።»

የኺታም አፍ ተከፍቶ ቀረ። «ማነው ያለሽ? ጸሎት እኮ ነው! አታሚው ሁለት ናሙና አሳየኝ። አንደኛው "የልጆች ገነት ቤታቸው ነው" ይላል። ገነት? ማን ሞተ ብዬ ደንግጬ መለስኩለት! ይሄኛውን ሳነብ ግን አንቺ ትዝ አልሽኝ።»

«እኔ ለምን?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ጎኔ ተቀምጠሽ አዛጋሽ እኮ፣ አንቺ ሴትዮ! ባልሽ አቃባ ነው፤ የሚያንኮራፋብሽ የለም። ታዲያ ከልጅሽ በቀር ማን ነው እንቅልፍ የሚነሳሽ? ያልነገርሽኝ ባይመችሽ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ካርዱ ላይ ግን ማን ይከለክለኛል?»

ሰብሐ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ኺታም የገዛ መሸፋፈኛዋን ጫፍ አቀበለቻት። «አታልቅሺ፣ እኔንም ታስለቅሺኛለሽ፤ ኩሌ ይሄዳል። እኔስ ምን አውቄ? ፊደሉን አስተማሩን እንጂ የከተማ ሰውን ተንኮል መች አስተማሩን!»

በሩ ላይ የነበረውን ስትሰማ ደግሞ ሙሽራነቷን ረሳችው። «ኢንሻራሕ! ልጅቷን አስገቢ!» ብላ ከላይ ጮኸች።

«እኔ አራት ልጆቼን እያስለቀስኩ ነው የመጣሁት!» ብላ ኢንሻራሕም ከታች ጮኸች።

«ማን አስለቅሺ አለሽ?»

«ካርዱ!»

«ካርዱ ጸሎት ነው! ሙሽራዋ እኔ፣ ያሳተምኩት እኔ፤ ምን እንደሚል ከኔ በላይ ታውቂያለሽ?»

አዳራሹ በእልልታና በሳቅ ተናወጠ። ፈርያል ገባች፤ ሰብሐ ሁለት ወንበር ገጥማ ካፖርቷን አነጠፈች። ልጅቷ ከበሮው ጆሮዋ ሥር እየተመታ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሰብሐ ግን ሰዓቱን ታያለች። ጸሎት ለመሆኑ አሁን አልተጠራጠረችም። ደርሷል ወይ? እሱን ማን ይነግራታል? አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ቦርሳዋን አንግታ ወደ ውጭ ወጣችና ስልክ ደወለች። ካለቀሰች ቀጥታ መናኸሪያ ነው።

እማማ ነውፋ በሹክሹክታ አነሱት። «ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

«ሉጀይን…»

«ቀስ በይ! ተኝታለች።»

«ተኝታለች? ምን ይዛ?»

«ያንን ወረቀትሽን ነዋ። አውጥታ ስታየው ቆየችና "አያቴ፣ እናቴ ሐምዛ ረስታለች" አለችኝ። እርሳስ አምጪ አለች፤ አመጣሁላት። ሐምዛዋን ቦታዋ አስቀምጣ "አሁን ልክ ነው" ብላ ጋደም አለች። እኔ ነኝ ቁጭ ብዬ የምጠብቃት፤ እሷማ እንደ ድንጋይ ናት።»

ሰብሐ ስልኩን ዘጋች። የግራ እጅጌዋን ቁልቁል አየችው፤ ተጨማዷል፤ በመዳፏ ደባበሰችው። ወደ ውስጥ ስትመለስ ኢንሻራሕ፣ ወርቃማ ቀሚሷ ላይ ካፖርት ደርባ፣ እየተነጫነጨች ስትወጣ በሩ ላይ ተጋጩ።

«ወዴት ነው?» አለቻት ሰብሐ።

«ወዴት ይሆናል! የሰው ልጅ እዚህ ኬክ ሲበላ የኔዎቹ ቤት ያለቅሱ?»

አንድ ሰዓት ላይ የከረክ አውቶቡስ ሄደ። ኢንሻራሕ አራት ልጆቿን ልታመጣ ሄደች። ፈርያልና ልጇ ቀሩ፤ ሰብሐም ቀረች።