የቀጀላ ጎመንና የሚስስ አርዲስ ወፎች

ቀጀላ ጡረታ ከወጣ ሦስት ወሩ ነው፤ ሚስቱን ዳራርቱን ብትጠይቋት ግን ሦስት ዓመት ትላለች። ሃያ ሁለት ዓመት ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ሲሠራ የኖረ ሰው አንድ ሰኞ ቤት ቀረና የድስት ክዳን እየከፈተ "ሽንኩርቱ አልበዛም?" ማለት ጀመረ። ሴትዮዋ ስንት ቀን ትችላለች? "ወይ አንተ ሥራ ፈልግ፣ ወይ እኔ ልፈልግ" አለችው፤ እየቀለደች አልነበረም።

ፈለገ። ኒው ሆፕ በምትባለው የፈረንጅ አገር ከተማ ካለው አፓርትማቸው ጀርባ ትልልቆቹ የመብራት ምሰሶዎች ተሰልፈው ያልፋሉ። ከሽቦው ሥር ዛፍ የለም፤ ደረት የሚደርስ ቁጥቋጦ ብቻ እስከ መንገዱ ድረስ ተዘርግቷል። ሌላው ሰው እሾህ ባየበት ቦታ ቀጀላ ጎመን፣ ቃሪያና ድንች አየ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰውየው ጎመን አልቸገረውም፤ ጎመን ሌክ ስትሪት ሞልቷል። የፈለገው አላፊ አግዳሚው "ይሄ የጋሽ ቀጀላ ሥራ ነው" እንዲል ነው። ያ ቦታ ካመለጠው ቀሪ ዘመኑን ድስት ሲቆጣጠር መኖሩ ነው።

ዕድሉ የመጣው በፈረንጆች 2018 ሰመር መግቢያ ላይ ነው። የመብራት ኩባንያው ከሽቦው ሥር ሊያጸዳ ነው፤ ይመንጠር ወይስ ይቆይ፣ ነዋሪው ስብሰባ መጥቶ ሐሳቡን ይስጥ፣ ፊርማ ያለውም ይዞ ይምጣ የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። ፎቅ ላይ የሚኖሩት ኤርትራዊው አቶ ገብረትንሳኤ ብዕራቸውን አነሱ። በንጉሡ ጊዜ አስመራ ጸሐፊ ነበሩ፤ ማመልከቻ ሳይጽፉ አንድ ወር ካለፈ ያማቸዋል። "ጉዳዩ፦ ለነዋሪው ጤናና ለከተማው ውበት ጠንቅ የሆነውን ጫካ አስመንጥሮ በአትክልት ስለመተካት ይሆናል" ብለው ጀምረው ሁለት ገጽ ሞሉ። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የቀጀላ ልጅ ጊፍቲ ወደ እንግሊዝኛ መልሺው ስትባል አራት መስመር አደረገችው። አቶ ገብረትንሳኤ አኩርፈው ሁለት ቀን አላናገሯትም።

ቀጀላ ክራባቱን አስሮ በር ለበር ዞረ። የኛን ሰው አፈራረም መቼም ታውቁታላችሁ። ገባ፣ ተቀመጠ፣ ሻይ ቀረበለት፣ የልጆቹን ደህንነት አንድ በአንድ ጠየቀ፣ ከዚያ ወረቀቱን አወጣ። ክራባት አስሮ የመጣን ትልቅ ሰው እምቢ የሚል ማን ነው? "አንብቡትና ሳይን አድርጉ" ሲላቸው "ኧረ አንተ አንብበኸው የለም እንዴ" እያሉ ፈረሙ። በሁለት ቅዳሜ አርባ ሦስት ስም ሞላ። "አንድ ሰው እንኳ ፊት አልነሳኝም" እያለ ደረቱን ነፋ። ድሮስ ማን ማንን ፊት ነስቶ ያውቃል ብሎ አላሰበም።

በሦስተኛው ቅዳሜ የሱ በር ተንኳኳ። ከመብራት መስመሩ ማዶ ያለው ነጭ ቤት ባለቤት ሚስስ አርዲስ ናቸው፤ ሰባውን ያለፉ፣ ቦት ጫማ ያጠለቁ፣ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ በእጃቸው ራሳቸው የጋገሩትን ኬክ የያዙ ሴትዮ። ተቀምጠው ያስረዱ ጀመር። ረጃጅሙ ዛፍ ሽቦውን ስለሚነካ ይቆረጣል፤ ዝቅተኛው ቁጥቋጦ ግን ሲቀር ጫካም ሣርም የማይወዱ ትንንሽ ወፎች መጥተው ጫጩት ይፈለፍሉበታል። አንዱ እንደ ድመት ይጮኻል። አንዱ ጉሮሮው ቢጫ ሆኖ ፊቱ ላይ እንደ ሌባ ጥቁር ጨርቅ ያሰረ ይመስላል። ሴትዮዋ በየዓመቱ ይቆጥሯቸዋል። አሁን ከተመነጠረ ጫጩቶቹም ከነጎጇቸው አብረው ይታጨዳሉ። ቀጀላ ግማሹ ገባው፤ ለቀረው ግማሽ "ኦኬ፣ ኦኬ" አለ። ኬኩንም ሁለት ጊዜ ደገመ።

ከዚያ ወረቀት አወጡ።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ትልቅ ሰው፣ ያውም እንግዳ፣ ያውም ኬካቸው ገና ጉሮሮው ላይ እያለ። "ወፎችዎን የማስጨፈጭፈው እኔ ነኝ" ሊላቸው ነው? ፈረመ። ፊርማው ለሱ እንብላ እንደማለት ነበር፤ እንብላ ያለ ሁሉ መሶቡን አስረክቦ ይሄዳል እንዴ? አልበቃ ብሎት በር ድረስ ሸኛቸውና ለሱ የፈረሙለትን ሰዎች ቤት አንድ በአንድ በጣቱ አሳያቸው። "ቀጀላ ነው የላከኝ በሏቸው፣ ይፈርማሉ" አላቸው።

ስብሰባው ማክሰኞ ነበር። ቀጀላ ፈራሚዎቹን ሁሉ ሰብስቦ ከኋላው አስቀምጧል። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አስተካክላ ሁለት ወረቀት አነሳች። "ይመንጠር ያሉ አርባ ሦስት ናቸው። አይመንጠር ያሉ ሃምሳ አንድ" አለች። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዛ "ከነዚህ ውስጥ አርባ ሦስቱ እነዚያው ናቸው። በሁለቱም ላይ የመጀመሪያው ስም ሚስተር ቀጀላ ነው። የትኛው ነው ያንተ?" ብላ ጠየቀችው።

ቀጀላ ተነሣ። ከአቶ ገብረትንሳኤ ጋር አራት ቀን የተለማመደው ንግግር ኪሱ ውስጥ አለ። ይመንጠር ቢል ነገሩ አለቀ፤ አትክልቱ የሱ ነው። ሚስስ አርዲስ ግን ከፊተኛው ወንበር ዞር ብለው አዩት። ቅሬታ ቢያይባቸው በተሻለው ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ወንድም አምነውት ፈገግ አሉ። ንግግሩን ኪሱ ውስጥ ተወው።

"ወፎቹ ይኑሩ" አለ።

አቶ ገብረትንሳኤ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፉ። ከኋላ ግን ጭብጨባ ተነሣ። ቀጀላ መጀመሪያ ለይሉኝታ መሰለው። የይሉኝታ ጭብጨባ ደግሞ ያውቃል፤ ስንት የሰው ልጅ ምረቃ ላይ አጨብጭቧል። ይሄ ሌላ ነው፤ ከሆድ የወጣ ነው። ቀድሞ የፈረመለትና "አጠገብህ ያለውን መደብ ለኔ ያዝልኝ" ያለው ለሜሳ እጁን ከራሱ በላይ አንሥቶ ያጨበጭባል።

"ምን ነክቷቸው ነው?" አላት አጠገቡ የተቀመጠችውን ጊፍቲን።

"ዳድ" አለች በእንግሊዝኛ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ሁሉም ሁለት ሥራ ነው የሚሠሩት። ቅዳሜ መሬት መቆፈር የፈለገ ማን ነበር? አንተ ለሚስስ አርዲስ እንደፈረምከው ነው ላንተ የፈረሙልህ።"

ቀጀላ ተቀመጠ። ጭብጨባው ገና አላባራም ነበር።