የተፈጩት ወንበሮች

ልብስ ሰፊዋ የማይፈለግ ዕቃ ስታይ እጇን ይበላታል። ያረጀ ካፖርት ካመጡላት ገበሩን ፈትታ ለቀሚስ፣ ቁልፉን ነቅላ ለሸሚዝ፣ የቀረውን ቆራርጣ ለትራስ መሙያ ታደርገዋለች። ሱቋ ውስጥ የሚጣል ነገር የለም። ደንበኞቿማ “እዚህ ቤት ዝም ብሎ የቆመ ሰውም ይፈታል” እያሉ ይስቁባታል።

ታዲያ የወንድሟ ልጅ አንድ የመንደር ጨዋታ ስልኳ ላይ ስትጭንላት ምኑ ላይ እንደምትጣበቅ ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያሻም። ጨዋታው በኢንተርኔት ብዙ ሰው የሚገናኝበት ነው። ሁሉም የየራሱ ቤትና ግቢ አለው፤ ዛፍ ይቆርጣል፣ ብረት ይቆፍራል፣ ዕቃ ይሠራል። ያልፈለገውን ዕቃ ደግሞ መፍጫ የሚሉት ማሽን ውስጥ ይከተዋል። ጠረጴዛው ተመልሶ እንጨትና ሚስማር፣ መጋረጃው ተመልሶ ክር ይሆናል። ሴትየዋ መፍጫውን ካየች ወዲህ ሌላው ሁሉ ተረሳት። የሰውን ትርፍራፊ በጽሑፍ መልእክት እየለመነች ትፈጭ ጀመር። መንደርተኛው “እትዬ መፍጫ” ብሎ ስም አወጣላት፤ እሷም እሰየው አለች።

አሁን ወደ ነገሩ እንምጣ። እትዬ መፍጫ አንድ ታናሽ ወንድም አላት፤ በያጅ ነው፣ የዚያች የልጅቷ አባት። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ዛሬ ጢሙ ሸብቶ እንኳ “አንተ ልጅ” ነው የምትለው። ታዲያ እነዚህ ሁለት ሰዎች ከተኳረፉ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። በምን? በበር! ለሱቋ የብረት በር ሠርቶ፣ ራሱ ተሸክሞ አምጥቶ ገጠመላት። በሩ ጠመም ይል ነበር፣ አይካድም። እሷ ግን ደንበኛ በተሰበሰበበት “አንተ ልጅ፣ ይሄን ሠርተኸው ነው ወይስ መኪና ገጭቶልህ?” አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ መሣሪያውን ሰብስቦ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ማለት ይሄ ነው። ሄጄ ይቅርታ ልበለው ብላ ስንት ጊዜ ጫማዋን አጠለቀች። ደሞ “ታናሽ እሱ፣ ይምጣ እንጂ!” ትልና ታወልቀዋለች። እልህ ምላጭ ያስውጣል። ግን ምን ይደበቃል፣ ናፈቃት። ከእሱ ሌላ ማን አላት?

በያጁም ጨዋታው ውስጥ እንዳለ ያወቀችው አንድ ጠዋት ነው፤ በጨዋታው ግቢዋ ደጅ ላይ ወንበር ተቀምጦ አገኘች። ከሥሩ የሠሪው ስም ተጽፏል፤ የወንድሟ ነው። አንዱ እግሩ አጭር፣ አንዱ ረጅም፣ መደገፊያው ወደ ጎን ያዘመመ። መቀመጫው ብቻ ሐር ለብሷል።

“አሃ! ጥራጊውን እኔ ደጅ ይጥላል? እያፌዘብኝ ነዋ!” አለችና መፍጫው ውስጥ ወረወረችው። እንጨት ወጣ፣ ሚስማር ወጣ፣ የሐር ክር ወጣ። ሐር ደግሞ በዚያ ጨዋታ እንደዋዛ አይገኝም፤ ተራራ ወጥቶ ትል መልቀም አለ። ስለዚህ ንዴቷ በረድ አለላት። ሰንበትበት ብሎ ሌላ ወንበር መጣ፣ ከዚያም ሌላ። እሷ እየተራገመች ትፈጫለች፣ እየፈጨች ሐሩን ታጠራቅማለች። በመጨረሻ፣ ጨዋታው ውስጥ እሷን ሆና ለምትንቀሳቀሰው ሴትዮ መሬት የሚጠርግ የሐር ቀሚስ ሰፋችላት። መንደሩ ጉድ አለ።

አንድ ቅዳሜ የወንድሟ ልጅ የቦርሳዋን ዚፕ ልታስጠግን ሱቅ መጣች። ትንሽ ተቁለጨለጨችና፣

“አክስቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትቆጪኝ ግን” አለች።

“ጠይቂ፤ ዚፑን አትንኪብኝ እንጂ።”

“የአባዬን ወንበሮች ለምንድን ነው የምትፈጪያቸው?”

“እና ግድግዳ ላይ ልስቀላቸው? ሊያሾፍብኝ የወረወረውን ቆሻሻ!”

“ቆሻሻ? አንቺ ቤት እኮ መቀመጫ የለም!”

“ብቻዬን ነኝ፣ ቆሜ ነው የምሠራው። መቀመጫ ምን ያደርግልኛል?”

“ኧረ አክስቴ! መቀመጫ የሌለበት ቤት እንግዳ አይገባም፤ ጨዋታው ከበር ይመልሰዋል። አታውቂም እንዴ? አባዬ በመጣ ቁጥር እየመለሰው ነው። ወንበሩን የሚሠራው አንቺ ቤት ገብቶ ሊቀመጥበት ነው።”

እውነትም አታውቅም ነበር። ሰው ቤት መሄድ ሥራ ያስፈታል ባይ ናት፤ በጨዋታውም ሆነ በእውኑ የማንንም ደጅ ረግጣ አታውቅም። መርፌውን መርፌ መያዣው ላይ ሰካችው።

“እና... እኔ እምቢ ያልኩት መስሎታል?”

“ምን ይምሰለው? ትናንትና ጭራሽ ‘በቃ፣ ወንበር የለም’ አለኝ።”

እትዬ መፍጫ ስልኳን ከፈተች። ጨዋታው ውስጥ ያለችው ሴትዮ የወንድሟን ወንበሮች ለብሳ ተጀንናለች። ልብስ ሰፊዋ አፈረች። መፍጫው ደግሞ ዕቃ ያፈርሳል እንጂ ያፈረሰውን መልሶ አይገጥምም። ቀሚሱን ልፍጨውና በሐሩ ወንበር ልሥራለት ብላ አሰበች። ወዲያው ደግሞ “ኧረ ወዲያ! ስንት ጊዜ ከደጄ የመለስኩትን ሰው በስልክ ነው ግባ የምለው?” አለችና ሱቁን ለልጅቷ ትታ ወጣች።

ብየዳ ቤቱ ስትደርስ ወንድሟ ጎንበስ ብሎ መስኮት ይበይዳል። የመስኮቱ ባለቤቶች ዙሪያውን ቆመዋል። ጥላዋን ሲያይ ጭንብሉን ገለጠ።

“እታለም?”

መንገዱን ሙሉ ያሰናዳችው ንግግር ድራሹ ጠፋ። ሰዎቹን አየቻቸው፤ ይስሙ፣ ስድቡም በሰው ፊት ነበር።

“በሰው ፊት አዋርጄሃለሁ። በሰው ፊት ይቅር በለኝ።”

በያጁ ተነሥቶ ቆመ። “ምን ነካሽ፣ ያለፈ ነገር...”

“አላለፈም። ወንበሮችህንም ፈጨኋቸው።”

“አይቻለሁ።”

“ሐሩን ቀሚስ ሰፍቼ ለበስኩት።”

“እሱንም አይቻለሁ። አምሮብሻል።”

“እያየህ ነው ታዲያ ስትልክልኝ የከረምከው?”

“ምን ላድርግ፣ ለወንበር ካልሆነሽ ለልብስ ይሁንሽ ብዬ ነዋ።”

አንገቷን ደፋች። “አሁን ግን በቃኝ ብለሃል አሉ። አልፈርድብህም፤ ማንም ቢሆን ይሰለቸዋል።”

“ማን ነው የሰለቸው?” በያጁ ጓንቱን አወለቀ። “ሐሩ አልቆብኝ ነው እንጂ! ነገ ተራራ ልወጣልሽ ነበር።”

እትዬ መፍጫ እንባዋን በመሀረቧ ጠረገች።

“ብቻህን አትወጣም” አለችው፤ “እኔም እመጣለሁ።”