በልክ የሚበሉ ዶሮዎች

ዙልሚራ እናቷን በአንድ ነገር ይቅር ብላት አታውቅም። ያ ክፉ ድርቅ በመጣ ጊዜ ቤታቸው ውስጥ የካሳቫ ዱቄት ነበረ። እናቷ ግን ሣጥን ውስጥ ቆልፋበት በቀን በቀን በእጇ እየጨበጠች ትሰጣቸው ነበር። የአራት ዓመቱ ወንድሟ ቶኒኞ ያችን እየበላ ሞተ። ከተቀበረ በኋላ ሣጥኑ ሲከፈት ገና ዱቄት ነበረበት። ዙልሚራ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ በዓይኗ አይታዋለች። ዛሬ ፀጉሯ ሸብቷል፤ እናቷን ዶና ራይሙንዳን የምትጦረውም እሷው ናት። ታጥባታለች፣ ታጎርሳታለች፤ ስለ ዱቄቱ ግን አንድም ቀን አንስታባት አታውቅም።

እንዲህ ያለችን ሴት ነው እንግዲህ የዶሮ እርባታ ባለቤቱ ሴኞር ኦኖራቶ ለእናት ዶሮዎቹ መጋቢ አድርጎ የቀጠራት። ከሥራው ጋር ግቢው ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ይሰጣል። አሮጊት ይዛ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ስትንከራተት ለኖረች ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሥራውን ካጣች ግን ጣሪያውም አብሮ ይሄዳል።

ዶሮዎቹ የሚፈለጉት ለእንቁላላቸው ነው፤ ከዚያ የሚፈለፈሉት ጫጩቶች ሌላ ቦታ ለሥጋ ያድጋሉ። ዘሩ ቶሎ እንዲወፍር እየተመረጠ የመጣ ስለሆነ በቃኝ የሚል ሆድ የለውም። እናቶቹ እንዳሻቸው ከበሉ ሰብተው እንቁላል መጣል ያቆማሉ፤ ስለዚህ መኖው በግራም ተሰልቶ ይሰፈርላቸዋል። ጠዋት ገንዳው ሲሞላ ይረባረቡበታል፤ ሰው ጫማውን አስሮ ሳይጨርስ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ቀን ባዶውን የገንዳ ቆርቆሮ ሲነቁሩ መዋል ነው። ሌሎቹ ሠራተኞች ድምፁን ለምደውታል። ዙልሚራ አልለመደችውም፤ ለእሷ ያ ድምፅ ቶኒኞ የሣጥኑን ክዳን በጥፍሩ ሲቧጭር ነው።

የመኖ ባለሙያዋ ዶክተር ኔሊዳ ገና በመጀመሪያው ቀን አስጠንቅቃት ነበር። ምግብ ሁሉ አንድ እንዳይመስላት፣ አኩሪ አተሩ ገላና እንቁላል የሚሠራው ፕሮቲን እንደሆነ፣ በቆሎው ደግሞ እንደ ማገዶ የሚነድ ኃይል እንደሆነ፣ ማገዶው ከልኩ ሲያልፍ ሆድ ውስጥ ስብ ሆኖ እንደሚከማች ነገረቻት። ዙልሚራ እሺ፣ እሺ እያለች ሰማች። በሆዷ ግን ይሄ የጠገበ ሰው ወሬ ነው አለች።

አንድ ሳምንት እንኳ አንጀቷ አልቻለም። ለጓሮ ዶሮዎቿ ከገዛችው በቆሎ በሽርጧ እየቋጠረች ከሰዓት በኋላ ሹልክ ብላ ትበትንላቸው ጀመር። ሲያዩዋት እየተንጋጉ ይመጣሉ፤ ቆርቆሮው ዝም ይላል። እውነቱን ለመናገር በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጥቂት ዶሮ ለናሙና ይመዘናል፤ እየያዘች የምታቀብለው ራሷ ስለሆነች ቀጫጭኖቹን እየመረጠች አቀበለች። ክብደቱ ልክ መጣ። ዶክተሯም አመሰገነቻት፤ ዙልሚራ ምስጋናውን ዓይኗን ሳትሰብር ተቀበለች።

ዝናብ ሊጥል ሲል አየሩ ይታፈናል። በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ቅጠል እንኳ አልነቃነቅ አለ። ዶሮዎቹ ክንፋቸውን ዘርግተው አፋቸውን ከፈቱ፤ ከቀትር በኋላ መውደቅ ጀመሩ። ዙልሚራ ውሃ እየረጨች ከአንዷ ወደ አንዷ ሮጠች። ቀድመው የሞቱት ሽርጧን ሲያዩ ከሁሉ ቀድመው የሚመጡት ነበሩ። ጀምበር ስትጠልቅ የዶሮ ቤቱ ወለል በሬሳ ተሸፍኖ ነበር።

ዶክተር ኔሊዳ አንዷን አንስታ በራፉ ላይ በቢላ ከፈተቻት። ከቆዳው ሥር እስከ አንጀቱ ድረስ ቢጫ ስብ ነው፤ የእንቁላል መውጫው በስብ ተውጦ ጠፍቷል። የቀጨጩት ዶሮዎች ይህንኑ ሙቀት ችለውት ከኋላ ቆመዋል። ዶክተሯ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ዶና ዙልሚራ፣ ይህ የበቆሎ ስብ ነው። ማን አበላቸው?»

«እኔ ነኝ» አለች። «ይራቡ ነበር።»

«አውቃለሁ። እየራባቸው ነበር በሕይወት የሚቆዩት።»

ሴኞር ኦኖራቶ ግን እንዲህ ረጋ ያለ ሰው አይደለም። «እንኳን ደስ ያለሽ እመቤቲቱ፣ ጠግበው ሞቱልሽ» አላትና ዕቃዋን እንድትሰበስብ ነገራት። የለመነችላት ዶክተሯ ናት። ከእንግዲህ በዚህ ግቢ መኖ በልክ የሚሰፍር ሰው ካለ ይህን ያየች ሴት ናት አለችው። እያጉረመረመ ተወው።

በማግስቱ ጠዋት ዙልሚራ መኖውን መዝና አፈሰሰች። አለቀ። ቆርቆሮው መንኳኳት ጀመረ። እያለቀሰች ቆማ ሰማችው፤ ሽርጧ ግን ባዶ ነበር። እዚያው እንደቆመች እናቷ ትዝ አለቻት፦ ልጆቿ እያዩዋት ሣጥን የምትቆልፍ ወጣት ሴት። ያን ሁሉ ዘመን ጭካኔ ያለችው ምናልባት እንዲህ ያለ ነገር ኖሯል።

ቤት ስትገባ የእናቷን ሾርባ አሙቃ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ስለ ዱቄቱ… ለምን ትሰፍሪው እንደነበር ዛሬ ገባኝ። ሁላችንም እንድንተርፍ ነበር። በልቤ ይዤብሽ ነበር፤ ይቅር በይኝ።»

አሮጊቷ እጇን ዘርግታ የልጇን እጅ ያዘች።

«እንደዚያ አይደለም ልጄ። ዝናቡ እስኪመጣ ለሁለታችሁ እንደማይበቃ አየሁት። እሱ ደግሞ ቀድሞ ታሞ ነበር። ላንቺ ሙሉ ጭብጥ እሰጥሽ ነበር፤ ለሱ እጄን የሞላ አስመስዬ ጥቂት ብቻ ነበር የምጨብጠው።»

ዙልሚራ ይህን ሁሉ ዓመት ስትከስ የኖረችው እናቷን ነበር፤ የቶኒኞን ዱቄት የበላችው ግን እሷ ራሷ ናት።

«ስትጠይቂኝ እነግርሻለሁ ብዬ ስጠብቅ ኖርኩ» አለች ዶና ራይሙንዳ። «አልጠየቅሽኝም።»

ሾርባው ቀዘቀዘ። ዙልሚራ ማንኪያውን አንስታ እናቷን ማጉረስ ጀመረች፤ አገጯ ላይ የፈሰሰውን በሽርጧ ጠረገችላት።