የቁጥቡ ቅጽሎች

የሰፈሩን ቧንቧ ሠራተኛ ሰው ሁሉ «ቁጥቡ» ይለዋል። ገንዘብ ሰስቶ አይደለም፤ የሚሰስተው ቃል ነው። «ቧንቧው ምን ሆነ?» ሲሉት «ፈሰሰ»፣ «አሁንስ?» ሲሉት «ቆመ»፤ በቃ። ሚስቱ «ለትዳር ሲጠይቀኝም ከሁለት ቃል አላለፈ» እያለች ጎረቤት ታስቃለች።

እናቱ የዓይን ሞራቸውን ተገፈው ሐኪም ቤት ተኙ፤ ዓይኖቻቸው በፋሻ ተሸፈኑ። ቁጥቡ ከሥራ መልስ አንድም ቀን ሳይቀር አልጋቸው አጠገብ ይቀመጣል።

«ቤቱ እንዴት ነው ልጄ?»

«ደህና።»

«ግቢውስ? አበቦቼስ?»

«ደህና ናቸው።»

«ኧረ አንተን ከመጠየቅ ግድግዳውን መጠየቅ ይሻላል!»

በጎን በኩል የተኙት ሴትዮ ልጅ ግን ፀጉር ሠሪ ናት፤ ምላሷ ጤፍ ይቆላል። ስለ ደንበኞቿ ስታወራ ክፍሉ በሙሉ ጆሮ ይሆናል። አንድ ቀን ቁጥቡ ሲገባ እናቱ ጀርባቸውን ሰጥተውት፣ ወደዚያኛው አልጋ አዘንብለው አገኛቸው።

«ቆይ ልጄ፣ ሙሽራዋ ጋ ደርሳለች» አሉት።

ቅናት ያዘው። ቤቱ እንደገባ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣ። ካፉ የማይወጣው ከእጁ ይወጣ እንደሆነ ብሎ ነው። ሚስቱ በትከሻው በኩል አየችና «ቅጽል ጨምርበት እንጂ፣ እንዲያምር!» አለችው።

ጨመረ፤ ያውም ሳይሰስት። በማግስቱ ጉሮሮውን ጠርጎ «ውቡ፣ ማራኪውና አስደናቂው ግቢያችን በድንቅና በልዩ ልዩ አበቦች…» ብሎ ሲጀምር እናቱ እጃቸውን አነሱ።

«ማን ሊያገባ ነው? ይሄ እኮ የሠርግ መጥሪያ ነው። የኔን ግቢ ንገረኝ!»

ፀጉር ሠሪዋ ሳቋን በመሐረብ አፈነች። ቁጥቡ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

እሑድ ጠዋት ባልዲ ገልብጦ ግቢው መሐል ተቀመጠ። መጀመሪያ የታየው አበባ፣ ድንጋይ፣ ድመት ብቻ ነበር። ኋላ ግን የሥራው ነገር መጣለት። የሚያፈስ ቧንቧ ሲፈልግ «ቧንቧ ነው» ብሎ አያልፍም፤ የቱ ጋ እንዳላበው፣ የቱ ጋ እንደሳሳ በጣቱ እየዳሰሰ ይሄዳል። ተነሣና ግቢውን እንደዚያው ይዳስስ ጀመር። የጻፈውን ይሰርዛል፤ የሰረዘውን መልሶ ይጽፋል። ሚስቱ ለምሳ ብትጠራው አልሰማም።

ከሰዓት በኋላ እናቱ ዘንድ ሄዶ አነበበ።

«በሩ ሥር ያለችው ጽጌረዳ ሁለት አበባ ይዛለች። አንደኛው ደማቅ ቀይ ነው፤ ሌላው ገና ጭምት ነው፣ እንዳኮረፈ ልጅ አፉን ዘግቷል። የልብስ ማጠቢያሽ ድንጋይ ልሙጥ ሆኗል፤ አንቺ የምታሺበት በኩል ጎድጉዷል። ድመቷ ወፍራም፣ ሰነፍና ኩሩ ሆናለች፤ ከወንበርሽ ላይ ላስነሣት ብል ልክ እንደ ቤት አከራይ ገላመጠችኝ። ወጥ ቤቱ ግን ቀዝቃዛ ነው። ሚስቴ እሳት ብታነድም ቀዝቃዛ ነው፤ ያላንቺ ጭር ብሏል።»

እናቱ እጃቸውን ሰድደው ጉልበቱን ፈለጉና ያዙት።

«ጭምቱን አበባ ድገምልኝ» አሉ።

ደገመላቸው።

«የኔ ልጅ፣ ድመቷ ጋ ስትደርስ ጮክ በል» አሉ የጎን አልጋዋ ሴትዮ፤ «እዚህ በደንብ አይሰማም።» ፀጉር ሠሪዋም ወሬዋን ትታ ወንበሯን ወደ እነሱ ሳበች።

የጥየቃ ሰዓት አልቆ ሲነሣ እናቱ እጅጌውን ጎተት አደረጉት።

«ነገ ደግሞ መንገዱን አምጣልኝ። እስከ ቤት ድረስ።»

«እሺ እማዬ» አለ። ያን ቀን አውቶቡስ አልተሳፈረም፤ ግራ ቀኙን እያየ፣ አልፎ አልፎም የአጥር ግንብ በመዳፉ እየዳበሰ፣ ቀስ ብሎ በእግሩ ሄደ።